የስፓኒሽ ክፍሉን ወረቀት ከመፈረማችን በፊት

በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት ከሚድል ስኩል ወደ ቤት የሚመጣ ወረቀት አለ። ርእሱ «ከተማሪው የሚጠበቁ ነገሮችና የትምህርቱ ግቦች» የሚል ነው። ከታች የተማሪ ፊርማ፣ የወላጅ ፊርማ። የሒሳብም አለው፣ የሳይንስም አለው፣ የስፓኒሽም አለው። በብዙዎቻችን ቤት የሒሳቡ ይነበባል። የስፓኒሹን ግን እናት እራት እየሠራች፣ ወይም አባት ለማታ ሥራ እየተቻኮለ ይፈርመዋል። አንዳንዴ ደግሞ አንብቦ የሚያስረዳው ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እህት ነው። በእኛ ቤት ይህ ሥራ የእኔ ነው።

ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል የገባው ወንድሜ ያመጣውን ወረቀት ቆጠርኩት። 16 ነጥቦች አሉት። 13ቱ ስለ ባይንደር፣ ስለ እርሳስ፣ ስለ ማስቲካ፣ ስለ ስልክ፣ ስለ ማርፈድና ስለ ማርክ አሰጣጥ ናቸው። ስለ ቋንቋው የሚናገሩት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ከሦስቱም አንዱ ተማሪው የስፓኒሽ ተናጋሪዎችን ባህል እንደሚያደንቅ ይገልጻል። ይህን የማነሳው መምህሩን ለመውቀስ አይደለም። ወደ ሠላሳ የሚጠጉ የ12 ዓመት ልጆችን ይዞ ለማስተማር የማስቲካ ሕግም ያስፈልጋል። የእኔ ነጥብ ስለ እኛ፣ ስለ ፈራሚዎቹ ነው። ከአንድ የቋንቋ ክፍል ምን መጠበቅ እንዳለብን ካላወቅን፣ ልጁ በሪፖርት ካርዱ ላይ ኤ እያመጣ፣ አፉን ሳይከፍት ሁለት ዓመት ያልፋል።

የሚድል ስኩል ስፓኒሽ ግቡ ትንሽና በጆሮ የሚሰማ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ልጁ በዚህ ቋንቋ ምን ማድረግ ይችላል? ሳይገባው ሲቀርስ ምን ይላል? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች የሚመልስ ወረቀት ከሆነ በደስታ ልንፈርምለት ይገባል።

በመጀመሪያ ሰዓቱን እናስላ

ብዙ ወላጆች ሁለት ዓይነት አስተያየት ሲሰጡ እሰማለሁ። አንደኛው «ሁለት ዓመት ተምሮ እንዴት አይናገርም?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ስፓኒሽ እኮ ትርፍ ትምህርት ነው፤ ዋናው ሒሳቡ ነው» የሚል ነው። ሁለቱም ትክክል አይመስሉኝም።

አንድ ክፍለ ጊዜ 45 ደቂቃ ነው እንበል። በአብዛኛው ስቴት የትምህርት ዓመቱ ወደ 180 ቀን ነው። በየቀኑ ቢማር እንኳ በዓመት 135 ሰዓት፣ በሁለት ዓመት 270 ሰዓት ይሆናል። ከዚህ ላይ ፈተናው፣ የበረዶ ቀኑ፣ የእሳት አደጋ ልምምዱ፣ መምህሩ የሚቀርበት ቀን ይቀነሳል። በየሁለት ቀኑ የሚማርም ብዙ አለ። አሁን ከዲፕሎማቶች ጋር እናወዳድረው። የአሜሪካ ስቴት ዲፓርትመንት ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት ተቋም አንድ አዋቂ ሰው በስፓኒሽ ሥራውን መሥራት እስኪችል ድረስ ከ600 በላይ የክፍል ሰዓት እንደሚፈጅ ይገምታል። እነዚያ ደግሞ ደሞዝ እየተከፈላቸው ቀኑን ሙሉ የሚማሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የ13 ዓመት ልጅ በስምንተኛ ክፍል መጨረሻ አቀላጥፎ ይናገራል ብሎ መጠበቅ ልጁንም መምህሩንም መበደል ነው።

ይህ ማለት ግን 270 ሰዓት ምንም አይደለም ማለት አይደለም። በደንብ ከተሠራበት ልጁ ከሰው ጋር አጭር ጨዋታ ለመጫወት ይበቃዋል። ከዚያም በላይ እንደ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ባሉ ስቴቶች በሚድል ስኩል የሚወሰድ ስፓኒሽ አንድ ብዙ ጊዜ የሃይስኩል ክሬዲት ይሰጥበታል። በቨርጂኒያ አድቫንስድ የሚባለውን ዲፕሎማ ለማግኘት የአንድ ቋንቋ ሦስት ዓመት፣ ወይም የሁለት ቋንቋዎች ሁለት ሁለት ዓመት ያስፈልጋል። በሰባተኛ ክፍል የጀመረ ልጅ መንገዱን አጋምሷል ማለት ነው። በዚያው ስቴት የሚድል ስኩሉ ውጤት ዝቅ ካለ፣ ወላጅ ክሬዲቱን ትቶ ማርኩ ከሃይስኩል ትራንስክሪፕት እንዲወጣለት መጠየቅ ይችላል። ይህን የሚያውቁ የእኛ ወላጆች ብዙ አልገጠሙኝም። ጊዜ ገደብ ስላለው የት/ቤቱን ካውንስለር ቀደም ብሎ መጠየቅ ነው።

ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ?

የአሜሪካ የቋንቋ መምህራን የሚመሩበት፣ አክትፍል በሚባለው ምክር ቤታቸው የተዘጋጀ የደረጃ መለኪያ አለ። ከጀማሪ ይነሣና ወደ መካከለኛ፣ ወደ ከፍተኛና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ጀማሪ የሚባለው የሸመደዳቸውን ቃላትና አባባሎች የሚጠቀም ነው። መካከለኛ የሚባለው የራሱን ዓረፍተ ነገር መፍጠርና ቀላል ጥያቄ ጠይቆ መመለስ የቻለ ነው። ይህ መለኪያ ደስ የሚለኝ ልጁ ስንት ምዕራፍ ጨረሰ ብሎ ስለማይጠይቅ ነው። የሚጠይቀው «እችላለሁ» ብሎ ምን ማለት እንደሚችል ነው። ይኸው ምክር ቤት ከክፍሉ ጊዜ 90 በመቶው ያህል በሚማሩት ቋንቋ እንዲሆን ይመክራል። እንግሊዝኛ እየተወራበት የሚያልፍ የስፓኒሽ ክፍል እንግዲህ ከዚህ ምክር በጣም ርቋል።

እኔ ወረቀቱን ብጽፈው በስምንተኛ ክፍል መጨረሻ የምጠብቀው ይህን ነበር፦

• ራሱን፣ ቤተሰቡንና የሚኖርበትን ሠፈር ወረቀት ሳያይ ለአንድ ደቂቃ ያስተዋውቃል።

• የማያውቀውን ሰው አምስት ጥያቄ ጠይቆ መልሱን ይረዳል። መመለስ ብቻ ሳይሆን መጠየቅም ይችላል።

• ምግብ ያዝዛል፣ ሰዓት ይናገራል፣ መንገድ ይጠይቃል፣ የት እንደሚያመው ይናገራል።

• አጭር ማስታወቂያ ወይም የአውቶቡስ ሰዓት አንብቦ ዋናውን ነገር ያወጣል።

• ሳይገባው ሲቀር «ኖ ኤንትዬንዶ» ብሎ፣ «ማስ ዴስፓስዮ፣ ፖር ፋቮር» ብሎ፣ «ኮሞ ሴ ዲሴ» ብሎ ይቀጥላል። አልገባኝም፣ ቀስ ብለው ቢናገሩልኝ፣ ይህ እንዴት ይባላል ማለት ናቸው።

የመጨረሻው ትንሽ ይመስላል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ አስቀምጠዋለሁ። ምክንያቴ ከምማረው ሙያ የመጣ ነው።

«አልገባኝም» ማለት ሕይወት ሲያድን

የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። በክሊኒካል ልምምድ ላይ ስፓኒሽ ብቻ የሚናገሩ ሕመምተኞች የማይገጥሙን ሳምንት የለም። አሜሪካ ውስጥ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው በቤቱ ስፓኒሽ ይናገራል፤ በእኛ አካባቢ ደግሞ ሳልቫዶራውያን ጎረቤቶቻችን፣ የሥራ ባልደረቦቻችንና የክፍል ጓደኞቻችን ናቸው። ነርሷ «እንደምን አደሩ» ስትላቸው የሕመምተኛው ትከሻ ሲረግብ በዓይን ይታያል። ውሃ ይፈልጋሉ? በርዶዎታል? የት ነው የሚያመው? ለዚህ የሚድል ስኩል ስፓኒሽ ይበቃል።

ለሌላው ግን አይበቃም። መድኃኒት እንዴት እንደሚወሰድ ማስረዳት፣ ለኦፕሬሽን ማስፈረም፣ የምርመራ ውጤት መንገር የሠለጠነ አስተርጓሚ ይፈልጋል፤ በስልክ ወይም በታብሌት ይጠራል። መምህሮቻችን ደጋግመው የሚነግሩን የአንድ ወጣት ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1980 በፍሎሪዳ አንድ የ18 ዓመት ልጅ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። ከኩባ የመጡት ቤተሰቦቹ «ኢንቶክሲካዶ» አሉ። በእነሱ አነጋገር የበላው ወይም የጠጣው ነገር አሞታል ማለታቸው ነበር። ሐኪሞቹ ግን ቃሉን ከእንግሊዝኛው ጋር አመሳስለው ዕፅ እንደወሰደ ሰው አከሙት። ልጁ የነበረበት የአንጎል ደም መፍሰስ ነበር። በጊዜው ስላልተደረሰበት እጅና እግሩ ሽባ ሆኖ ቀረ፤ ጉዳዩም ወደ 71 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ የካሳ ስምምነት አለቀ። ከታሪኩ የሚገርመኝ አስተርጓሚ አለመጠራቱ ነው። ያልጠሩት ሁሉም ወገን የተግባባ ስለመሰለው ነው።

«ኢምባራሳዳ» የሚለውን ቃል የሰማ ጀማሪ እንደ እንግሊዝኛው «አፈረች» ይመስለዋል፤ ትርጉሙ ግን «እርጉዝ ናት» ነው። ስለዚህ ጥሩ የቋንቋ ክፍል ልጁን ሁለት ነገር ያስተምረዋል፦ የሚያውቀውን ሳይፈራ መናገርን፣ እና እውቀቱ የት ላይ እንደሚያበቃ ማወቅን። ይህ የሚጀመረው በኮሌጅ አይደለም። በ12 ዓመቱ «ኖ ኤንትዬንዶ» ማለትን ያላፈረበት ልጅ በ22 ዓመቱ «አስተርጓሚ ይጠራልን» ለማለት አይቸገርም።

እኛ የስደተኛ ልጆች ይህን ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ብዙዎቻችን በልጅነታችን ለእናትና ለአባታችን ክሊኒክ ውስጥ አስተርጉመናል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የፌዴራል የጤና ደንብ፣ ድንገተኛ ሁኔታ ካልሆነ በቀር፣ ሆስፒታል ልጆችን አስተርጓሚ አድርጎ እንዳይጠቀም ከልክሏል። ዋሽንግተን ዲሲም እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች በእንግሊዝኛ የማይገለገሉ ነዋሪዎችን በቋንቋቸው እንዲያገለግሉ ያዝዛል፤ አማርኛም ከነዚያ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ወንድሜ አጠገብ የሚቀመጠው የሳልቫዶር ልጅ ለእናቱ የሚያደርገው እኛ ለእናቶቻችን ያደረግነውን ነው። ስፓኒሽ ስንማር የዚያን ልጅ ቤት ቋንቋ እየተማርን ነው። ወረቀቱ ላይ «ባህል ማድነቅ» ተብሎ የተጻፈው ለእኔ ትርጉም የሚያገኘው በዚህ ነው።

ዝም አይነቅዝም?

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልምጣ። የእኛ ልጆች ክፍል ውስጥ ጨዋ ናቸው ይባላል። ጨዋ ማለት ብዙ ጊዜ ዝምተኛ ማለት ነው። በወላጅ ስብሰባ ላይ የምንጠይቀውም ይህንኑ ነው፦ «አስቸገረ? አወራ?» መምህሩ «በጣም ጥሩ ልጅ ነው፣ ድምፁም አይሰማ» ሲል ደስ ብሎን እንመለሳለን። «ዝም አይነቅዝም» ይላል ተረታችን። ለሌላ ነገር እውነት ይሆናል። ያልተነገረ ቋንቋ ግን በዝምታ ውስጥ ይነቅዛል። ስፓኒሽ ክፍል ውስጥ ድምፁ የማይሰማ ልጅ እየተማረ መሆኑን በምን እናውቃለን?

ዝምታው ከፍርሃት ይመጣል። ተሳስቼ ይስቁብኛል የሚለው ፍርሃት በሰባተኛ ክፍል ዕድሜ በጣም ይከብዳል። ለዚህም ነው የተሳሳተ ዓረፍተ ነገር ማርክ የማያስቀንስበት ጊዜ እንዲኖር ወረቀቱ ላይ በግልጽ መጻፍ ያለበት። ሰዋስው በፈተና ይታረም። በንግግር ሰዓት ግን የሚቆጠረው መልእክቱ ደረሰ ወይስ አልደረሰም የሚለው ይሁን።

አባቴ ስፓኒሽ ክፍል ገብቶ አያውቅም። የተማረው ምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ ከሳልቫዶር ልጆች ጋር ሲሠራ ነው። ትኩስ ድስት ይዞ ሲያልፍ «ካልዬንቴ!» ይላል፣ ከኋላህ ነኝ ለማለት «አትራስ!» ይላል። ግሦቹ በሙሉ የተዘበራረቁ ናቸው፤ ግን ያወራል፣ ያስቃል፣ ይሰማማል። ወንድሜ በግሥ ርባታ ፈተና 95 አምጥቶ ከጎረቤታችን ጋር አንድ ቃል አይለዋወጥም። ሁለቱ እራት ላይ ለአሥር ደቂቃ ቢነጋገሩ አንዱ ድፍረት፣ ሌላው ሰዋስው ያተርፋል። እንዲህ ያለ አባት፣ አጎት ወይም አክስት የሌለበት የእኛ ቤት ጥቂት ነው። የቤት ሥራ ለማገዝ እንግሊዝኛ የሚቸግራቸው ወላጆች በስፓኒሽ የሚያግዙበት አጋጣሚ ሊሆንም ይችላል።

አማርኛ ያለው ልጅ ባዶ እጁን አይገባም

«አማርኛውን ሳያውቅ ስፓኒሽ ምን ያደርግለታል?» የሚሉ ወላጆች አሉ። ቁጭታቸው ይገባኛል። እኔም ብሆን ታናናሾቻችን አያቶቻቸውን በስልክ «እሺ» ብቻ ብለው ሲዘጉ ያመኛል። ነገር ግን ስፓኒሹ አማርኛውን አይሻማበትም። እንዲያውም አማርኛ የሚሰማ ልጅ እንግሊዝኛ ብቻ ከሚያውቀው ጓደኛው ቀድሞ የሚያገኛቸው ነገሮች አሉ።

በእንግሊዝኛ ራስ ምታትን የሚገልጸው ሰው «ራስ ምታት አለኝ» ይላል። በስፓኒሽ «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» ይባላል። ቃል በቃል ሲታይ የእኛው «ራሴን ያመኛል» ነው፤ የሚያመው ነገር ሌላ፣ የሚታመመው እኔ። «ሜ ጉስታ» የሚለውን ለማስረዳት መምህራን ብዙ ይደክማሉ፤ ለእኛ ልጅ «ደስ ይለኛል» እንደማለት ነው ብለን ብንነግረው በአንድ ጊዜ ይገባዋል። «አብሎ» ሲል «እናገራለሁ» ማለቱ ነው፤ እንደ አማርኛ ሁሉ ግሡ ራሱ ማን እንደሚናገር ስለሚያሳይ «እኔ» ማለት ግድ አይደለም። «ቱ» እና «ኡስቴድ» የሚባሉት አንተና እርስዎ ናቸው። ለትልቅ ሰው ግሡም አብሮ እንደሚለወጥ የእኛ ልጅ ከቤቱ ያውቃል። ወንዴና ሴቴ ፆታም አይገርመውም። «ኒኞ» እና «ኒኛ» ላይ ያለው የላይኛው ምልክት ያለበት ፊደል ለሌላው አዲስ ድምፅ ነው፤ ለእኛ «ኘ» ናት።

ስፓኒሽ ከዓረብኛ የወሰዳቸው ቃላትም አሉ። «አሱካር» ስኳር ነው፣ «አሴይቴ» ዘይት ነው፣ «አሮስ» ሩዝ ነው። ልጁን ወደ ገበያ ይዛችሁት ስትሄዱ እነዚህን ሦስት ብቻ ንገሩትና ፊቱን እዩ።

ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው አማርኛው በቤት ውስጥ ካለ ነው። ያ የዲፕሎማቶች ተቋም ለአማርኛ የሚመድበው 44 ሳምንት ነው፤ ለስፓኒሽ ከሚሰጠው በጣም ይበልጣል። እነሱ ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል ሳይቀረው የሚማሩትን ልጆቻችን በቁርስ ሰዓት በነፃ ይሰማሉ። ብዙ ስቴቶች ሃይስኩል ለሚጨርሱ ተማሪዎች በዲፕሎማቸው ላይ የሁለት ቋንቋ ማኅተም ይሰጣሉ። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2011 በሕግ ጀመረችው፤ ለአማርኛም የሚሆን ፈተና አለ። ስፓኒሽ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚጠና የተማረ ልጅ ያንኑ ዘዴ ወደ አማርኛ ሊያዞረው ይችላል።

የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርቶቻችንም ከዚህ ወረቀት የሚማሩት ነገር አለ። ብዙ ጊዜ ግባቸው «ፊደል መጨረስ» ነው። ሀሁን እስከ ፐ ቆጥሮ «ውሃ ስጪኝ» ማለት የማይችል ልጅ አይተናል። «በግንቦት ወር ልጁ ከአያቱ ጋር በስልክ ለሦስት ደቂቃ ያወራል» የሚል ግብ ብንጽፍ ማስተማሪያው ራሱ ይለወጣል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ይህን መጽሔት የምታነቡ አብዛኞቻችሁ ታናሽ ወንድም፣ ታናሽ እህት ወይም የአክስት ልጅ አላችሁ። ተመርቃችሁ ልጅ ያደረሳችሁም አላችሁ። ወላጆቻችን በሁለት ሥራ መካከል ሆነው ያንን ወረቀት መመርመር አይችሉ ይሆናል። እኛ እንችላለን። በትምህርት መክፈቻው የወላጆች ምሽት ላይ ሦስት ጥያቄ ብቻ እንጠይቅ። አንደኛ፣ በዓመቱ መጨረሻ ልጁ በስፓኒሽ ምን ማድረግ ይችላል? ሁለተኛ፣ በሳምንት ስንት ደቂቃ በአፉ ይናገራል? ሦስተኛ፣ ሲሳሳት ምን ይደረጋል? ቤቱ ስፓኒሽ የሚነገርበት ልጅ ከሆነ ደግሞ ለእሱ የተለየ ክፍል ወይም የተለየ ግብ መኖሩንም መጠየቅ ደግ ነው። ለጀማሪ የተጻፈ ግብ እሱን አያሳድገውም።

ለማኅበራችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። ከእኛ መካከል ስፓኒሽ የሚያጠኑ፣ ነርሲንግና ፋርማሲ የሚማሩ፣ በሥራ ላይ የተማሩትም አሉ። በወር አንድ ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት የሚድል ስኩል ልጆችን ሰብስበን፣ አንዱን ሰዓት በስፓኒሽ፣ አንዱን በአማርኛ ብናጫውታቸው ወጪው አንድ ክፍልና ጥቂት ብርጭቆ ሻይ ነው። ፈተናም ማርክም አይኑረው። የሚጠበቅባቸው አንድ ነገር ብቻ ይሁን፦ የመጣ ሁሉ ይናገር።